ልዕልት ፀሐይ፤ የነርስ ልብስ የለበሱት የንጉሥ ልጅ

ከአየር ጤና፥ ከቤተል ወይም ከዓለም ባንክ ተነሥቶ ወደ መካከል ከተማ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በጦር ኃይሎች በኩል ያልፋል። የታክሲ ረዳቶች ስፍራውን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡርም በምዕራብ በኩል መንገዱን የሚጨርሰው እዚያው ላይ ነው። በዚያ ያለውን ትልቅ ሆስፒታልም እኛ ተማሪዎች የምናውቀው በጦር ኃይሎች ስም ብቻ ነበር። ዳሩ ግን በዕድሜ የገፉ አንዳንድ የሰፈራችን እናቶች የበኵር ልጆቻቸውን የተገላገሉት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል እንደ ሆነ ሲያወሩ ሰማን። ይህ ሆስፒታል ወዴት ነው ብለን ብንጠይቅ፥ በየቀኑ በደጁ የምናልፈው ያው ሆስፒታል መሆኑን ነገሩን።

ነገሩ ይበልጥ ያስገረመን በሌላ ምክንያት ነው። በኰልፌ ቀራኒዮ ዘነበ ወርቅ የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ ሰው የለም። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራው ከልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ላይ አለርት ተቋቁሟል። ልዕልት ዘነበ ወርቅና ልዕልት ፀሐይ ደግሞ የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጆች ነበሩ። የታላቂቱ ስም በአንድ ሙሉ ሰፈር ላይ ተተክሎ ሲቀር የታናሺቱ ግን ከበሩ ላይ ወርዶ በአሮጊቶች አፍ ብቻ ቀረ።

ይህን ታሪክ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ለመጻፍ የተነሣንበትን ምክንያት እንናገር። በሳይንስ ክበባችን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሆንን በየቅዳሜው የ9ኛ ክፍል ሴቶች ልጆችን በቤተ ሙከራ እንረዳለን። በዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዷ ወደፊት ልትሠራው የምትመኘውን ሥራ በወረቀት ላይ እንድትጽፍ አድርገን ነበር። አብዛኞቹ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ የአውሮፕላን አብራሪ ብለው ጻፉ። አንዲቱ ነርስ ብላ ብትጽፍ ጓደኞቿ ሣቁባት፤ ትንሽ ነገር እንደ ተመኘች ቈጠሩባት። ልጅቱም ሁለት ቅዳሜ ቀረች። እኛም የሚመልስላት ቃል አጣን፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛም መካከል በልቡ የሣቀ አልጠፋም። ከዚህ በኋላ ነው የልዕልት ፀሐይን ሕይወት መመርመር የጀመርነው።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ሲሆኑ፥ እናታቸው የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋው ልጅ፥ የወሎው የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ወይዘሮ መነን ነበሩ። ከሁለቱ ከተወለዱት ስድስት ልጆች ልዕልት ፀሐይ አራተኛ ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አባታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ እሳቸው የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1931 እናታቸው እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ። የባላባት ሴት ልጅ መማር ከቤት አያያዝና ከዳዊት ድገማ ያልፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የልጅነት ዘመናቸው ያለቀው በጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም. መስከረም ኢጣልያ ወሰን ጥሳ ስትገባ በአገሪቱ የነበሩት ሆስፒታሎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ከተቋቋመ ገና ጥቂት ወራት መሆኑ ነበር። በአዲስ አበባ የመኳንንቱ ሚስቶችና ልጆች ከእቴጌይቱ ጋር ሆነው የቍስል መጠቅለያ ጨርቅ ሲያዘጋጁ፥ ልብስ ሲሰፉ፥ ለመርዝ ጭስም መከላከያ የሚሆን የፊት መሸፈኛ ሲሠሩ ልዕልት ፀሐይ ከዋናዎቹ ሠራተኞች አንዷ ነበሩ። ገና 16 ዓመታቸው ነበር። በእንግሊዝኛ ቋንቋም ለዓለም ሴቶች የእርዳታ ጥሪ አሰምተዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ የኬሚስትሪ ትምህርት የሚጠቅመው በእንዲህ ያለው ስፍራ ነውና። ጠላት ከአውሮፕላን ያፈሰሰው የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው መርዝ በስሙ ጋዝ ይባል እንጂ በእርግጥ የቅባት ባሕርይ ያለው ፈሳሽ ነው። ዓይንንና ሳንባን ብቻ አያቃጥልም፤ በልብስ ውስጥ ዘልቆ ቆዳን ይልጣል፥ በሣርና በውኃ ላይም ይቈያል። ስለዚህ ፊትን መሸፈን ብቻውን አያድንም፤ በባዶ እግሩ በተመረዘ ሣር ላይ ለሚሄድ ወታደርማ ምን ይረዳዋል? በዚያን ጊዜ ለተቃጠለ ሰው የሚደረገው ነገር ቶሎ አጥቦ፥ ቍስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፥ ሌላ በሽታ እንዳይገባበት ቀንና ሌሊት መጠበቅ ነበር። ይህም የነርስ ሥራ ነው። ጨርቁን የሚሰፉ ብዙ እጆች ነበሩ፤ ጨርቁን ቍስሉ ላይ የሚያደርግ የሠለጠነ እጅ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ውጊያ በኋላ፥ ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ ተሻግረው ኢየሩሳሌም ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ አገር ሲያልፉ ልዕልት ፀሐይ አብረው ሄዱ፤ እንግሊዝኛ ያውቁ ስለ ነበረም በስደቱ ጊዜ አስተርጓሚ እስከ መሆን ደርሰዋል። ቤተ ሰቡ በመጨረሻ ባዝ በምትባለው ከተማ፥ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ተቀመጠ።

በስደት ላይ ያለች የንጉሥ ልጅ ምን ታደርጋለች? ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ቀኑን በጸሎትና በትካዜ ብታሳልፍ ማንም ባልነቀፋት ነበር። ልዕልት ፀሐይ ግን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስ ተማሪ ሆነው ገቡ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 በ10 አልጋዎች ሥራውን ጀምሮ በኋላ በዓለም የታወቀ የሕፃናት ሐኪም ቤት የሆነ ነው።

በዚያን ዘመን የነርስ ተማሪ ሥራ ከሁሉ በታች ካለው ደረጃ ይጀምር ነበር። ተማሪዋ በማለዳ ተነሥታ አልጋ ታነጥፋለች፤ ወለልና ዕቃ ታጥባለች፤ የሕሙማንን ሽንትና ሰገራ ታወጣለች፤ ሙቀትና የልብ ትርታ እየለካች ትጽፋለች፤ ሌሊት ተራዋ ሲደርስ እስኪነጋ ሳትተኛ ትጠብቃለች። ከላይዋ የክፍሉ ኀላፊ የሆነችው ነርስ አለች፤ እንግሊዞች ይህችን ኀላፊ ሲስተር ይሏታል። (ዛሬ በአገራችን ነርሶችን ሁሉ ሲስተር ብለን መጥራታችን ከዚሁ የመጣ ነው።) ሲስተሯ የአልጋውን ማዕዘን አተጣጠፍ፥ የሕፃኑን አያያዝ፥ የመርፌውን አቀቃቀል በፊቷ ታሠራታለች፤ ካልተስተካከለም አፍርሳ እንደ ገና ታሠራታለች። ፔኒሲሊን ለሕሙማን ገና አልደረሰም፤ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን እንዲድን ከፈለጉ ቀና አድርጎ መያዝ፥ ማጠብ፥ ጠብታ በጠብታ ማጠጣት፥ አተነፋፈሱን እየቈጠሩ መጠበቅ ግድ ነበር። ዛሬ ነርስነትን ከሐኪምነት በታች አድርገን የምናይ ሰዎች፥ መድኃኒቱ በሌለበት ዘመን መድኃኒቱ ራሷ ነርሷ እንደ ነበረች አንርሳ።

ልዕልት ፀሐይ ይህን ሥርዓት ሦስት ዓመት ያህል ተከተሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ሲሟገቱ ዓለም ሁሉ ተመልክቷል፤ በዓለም ጋዜጦችም ተጽፏል። ልጃቸው የድሆች ሕፃናትን ጨርቅ ሲለውጡ ግን ያየ ብዙ ሰው የለም። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ከባድ እንደ ነበረ መፍረድ ያስቸግራል።

በነሐሴ 1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው በእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። እንግሊዝ አገር ነርሶች በሕግ እንዲመዘገቡ የሚያዘው አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1919 ስለ ሆነ፥ ሕጉና ልዕልቲቱ በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያው ወር መጨረሻ እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገጠመች። እሳቸውም ጋይስ ወደሚባለው ወደ ሌላው የለንደን ሆስፒታል ተሻግረው ሥራቸውን ቀጠሉ። አሳባቸው አገራቸው ነፃ ስትወጣ ተመልሰው የሕክምና አገልግሎት እንዲስፋፋ መርዳት ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ቤተ ሰባቸውም ተከትሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ልዕልት ፀሐይ ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በኋላ ሌተና ጄኔራል ከሆኑት ከአቢይ አበበ ጋር በጋብቻ ተወሰኑ፤ ባላቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ በመሾማቸውም አብረው ወደ ነቀምት (ያን ጊዜ ለቀምት ትባል ነበር) ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ በክረምቱ ወራት፥ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፥ ልዕልት ፀሐይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምት ዐረፉ። ሕፃኑም አልተረፈም። ዕድሜያቸው 23 ዓመት አልሞላም ነበር። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ፥ አጤ ምኒልክ፥ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ተቀበረ። እኅታቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅም ካገቡ በኋላ ገና በወጣትነታቸው በመቀሌ ዐርፈው ነበርና፥ ለእቴጌ መነን ኀዘኑ በኀዘን ላይ ተጨመረ።

ይህን ስናነብ እኛ የተከራከርንበት አንድ ነገር አለ። ከመካከላችን አንዳንዱ፥ ያን ሁሉ ትምህርት ይዘው በሰው ሁሉ ላይ በሚደርስ ነገር መሞታቸው ትምህርቱን ከንቱ ያደርገዋል አለ። ሌላው ግን የተገላቢጦሹን ተናገረ፤ እኛም ወደ እርሱ አዘነበልን። ነርስ ራሷን ልታስታምም፥ አዋላጅም ራሷን ልታዋልድ አትችልም። እውቀቱ በአንዲት ሴት ራስ ውስጥ ብቻ ሲሆን፥ እርሷ የወደቀች ቀን አብሮ ይወድቃል። በአገሪቱ እንደ እሳቸው የሠለጠኑ ሴቶች በየአውራጃው ቢኖሩ ኖሮ ከአልጋቸው አጠገብ የሚቆም እጅ ባልታጣም ነበር።

በእንግሊዝ አገር ይህን ነገር የተረዱ ሴት ነበሩ፤ እሳቸውም በወረራው ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ያወጡ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። በልዕልቲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በአገራቸው ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር አቋቁመው ለዓመታት ደከሙ። ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ምዕራብ ተከፈተ። ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1956 ኑሯቸውን ወደዚህ አዛውረው በ1960 ሲያርፉ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ከሆስፒታሉ ጋር የነርሶች ማሠልጠኛ ነበረ፤ በዚያው ዘመን በሌሎችም ሆስፒታሎች እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስለ ተከፈቱ የኢትዮጵያ ሴቶች ልጆች የሰውን ገላ አሠራር፥ የመድኃኒትን ልክ፥ የተሕዋስያንን ነገር በአገራቸው መማር ጀመሩ። ብዙ ወላጆች ሴት ልጃቸው የማታውቀውን ወንድ ገላ ማጠቧን እንደ ነውር ይቈጥሩት ነበር። የንጉሥ ልጅ ይህን ሥራ ሠርታለች የሚል መልስ መኖሩ ለእነዚያ ልጃገረዶች ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው መገመት አያዳግትም።

እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ሁለት ሐኪሞች፥ ባልና ሚስት፥ መጡ። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ይባላሉ። በወሊድ ሞት ባለፉት ልዕልት ስም በተሠራ ቤት የማዋለድ ጥበብ ሊያስተምሩ መምጣታቸው ነገሩን ሙሉ ያደርገዋል። (በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችን እንደምናስታውሰው ኦሪት ዘጸአት የፈርዖንን ስም ሳይነግረን የሁለቱን አዋላጆች የሲፓራንና የፉሐን ስም ጽፎ አቈይቶልናል።) እነዚህ ሐኪሞች በሆስፒታሉ ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች አገኙ። ምጥ ለቀናት ሲዘገይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር ይጫነዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ሞቶ ቀዳዳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሽንቷ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል፤ ሰውም ይሸሻታል። ጥሩ አዋላጅ በጊዜ ከደረሰች ግን ይህ ሁሉ አይመጣም።

ወደዚህ ሆስፒታል ከመጡት ሕሙማን አንዲቱ ማሚቱ ጋሼ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመጡ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ገደማ ነበር፤ ልጃቸው በምጥ ሞቶባቸዋል፤ ፊደልም አልቈጠሩም። ከታከሙ በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀርተው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ጥገናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል ተማሩ። ሐኪሞቹ እጃቸውን በእጃቸው እያስያዙ ጥቂት በጥቂት አስተማሯቸውና ማሚቱ ራሳቸው ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ፥ በኋላም የተማሩ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው። ሃምሊኖቹ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ በ2007ም ከገጠር የሚመጡ ልጃገረዶች የሚማሩበት የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ተመራቂዎቹም ወደየመጡበት አገር ተመልሰው ያገለግላሉ። የንጉሥ ልጇና የገጠሯ ልጅ ሳይተዋወቁ ሁለቱም የጀመሩት ከአልጋ ማንጠፍ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የልዕልቲቱ ስም ከሆስፒታሉ ተነሥቶ ዛሬ በምናውቀው ስም ተተካ። የዘመኑ ሰዎች የቀድሞውን መንግሥት መታሰቢያ ሁሉ ለማጥፋት ያደረጉት ነው እንዳንል፥ የዘውዲቱ ሆስፒታል ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ አለ። እኛ ስሙ ይመለስ ብለን ለመከራከር የምንበቃ አይደለንም፤ ነገር ግን በበሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ጽሕፈት ብትኖር በታክሲ የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ ታስተምር ነበር ብለን እናስባለን።

የእኛ ክበብ ያደረገው ነገር ከዚህ ያነሰ ነው። ይህን ታሪክ በአንድ ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍሎቹ ካነበብን በኋላ አዋላጅ ነርስ የሆኑ አንዲት የተማሪ እናት ወደ ቤተ ሙከራችን እንዲመጡ ለመንናቸው። እሳቸውም እንደ መለከት አፉ ሰፋ ያለ የእንጨት ማዳመጫ ይዘው መጡ፤ የጽንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ እንደሚመታ፥ ከዚያ ሲያንስ ወይም ሲበዛ አዋላጇ ምን እንደምታደርግ አስረዱን። እሳቸውን አስከትለው የመጡ ነፍሰ ጡር ጎረቤታቸውም ነበሩ። ሴቶቹ ልጆች ወንዶቹን ከክፍሉ አስወጥተው በር ዘጉብን፤ ስለዚህ በውስጥ የሆነውን የምንጽፈው ሴቶቹ ባልንጀሮቻችን እንደ ነገሩን ነው። በመጀመሪያ የቀረበችው ያቺ የተሣቀባት ልጅ ነበረች። ጆሮዋን በማዳመጫው ላይ አድርጋ፥ በሌላ እጇ የእናቲቱን የእጅ ሥር ይዛ፥ የሁለቱ ትርታ አንድ አለመሆኑን እስክታረጋግጥ ድረስ ቈጠረች። 144 ብላ ጻፈች። ሲስተሯም ራሳቸው ጐንበስ ብለው አዳመጡና ቍጥሩን ሳይለውጡ ወረቀቱን ለቀጣይዋ ልጅ አሳለፉት።